ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሲመለስ፦ የጥይት ፍጥነት ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይለካል?

በሰርግ ማግስት ግቢ ሲጠረግ፣ ወይም የተሰጣ ጌሾ ከሰሌን ላይ ሲሰበሰብ፣ አልፎ አልፎ አንዲት ትንሽ ነገር ትገኛለች። ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ትንሽ ትረዝማለች፤ መዳብ ትመስላለች፤ ጫፏ ሹል ነው። ልጆች ቀለህ ነው ብለው ያነሷታል። ቀለህ ግን አይደለችም። ቀለህ ተኳሹ እግር ሥር ነው የሚቀረው፤ ይቺ ከሩቅ የመጣችው ራሷ ጥይቷ ናት።

አገላብጦ ላያት ብዙ ትናገራለች። ጎኗ ላይ ወደ ቀኝ ዘመም ያሉ አራት ጭረቶች ካሉ በክላሽ አፈሙዝ ውስጥ ያለፈች መሆኗን ያመለክታሉ። ሹል ጫፏ ደህና ሆኖ ቂጧ ጠፍጠፍ ካለ በቂጧ ነው የወደቀችው። ማግኔት ቢያስጠጉባት ትሳባለች፤ በልማድ «እርሳስ» እንበላት እንጂ የተለመደችው የክላሽ ጥይት እምብርቷ ብረት ነው፤ በብረቱ ዙሪያ ስስ እርሳስ፣ ከላይ ደግሞ መዳብ የተቀባ የብረት ልባስ አለ።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ሆነ ከሚሴ፣ ለደስታም ለሐዘንም ወደ ሰማይ መተኮስ አለ። ተኳሹ ማንንም ሊጎዳ አስቦ አይደለም፤ ጥይቷ «ሰማይ ላይ ቀረች» ብሎ ነው። ሰማይ ላይ የሚቀር ጥይት የለም። ለምን እንደማይቀር፣ ሲመለስም ምን ያህል ጉልበት እንደሚኖረው ለመረዳት መጀመሪያ ፍጥነቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሺህ አንድ ሰከንድ ውስጥ

ያልተተኮሰ ሙሉ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ባሩድ፣ በቀለሁ ቂጥ ላይ የተተከለችው ቀስቃሽ ቆብ፣ ከፊት የተሰካው እርሳስ። በተለመደው የክላሽ ጥይት እርሳሱ 7.9 ግራም ይመዝናል፤ ባሩዱ 1.6 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

ቃታ ሲሳብ መቺው መርፌ ቆቧን ይወጋታል። በቆቧ ውስጥ ያለችው ቅንጣት ቅመም ትፈነዳለች፤ ነበልባሏ ወደ ቀለሁ ሆድ ዘልቆ ባሩዱን ይለኩሰዋል። ብዙ ሰው ባሩድ የሚፈነዳ ይመስለዋል። ጥይት ውስጥ ያለው ባሩድ ግን አይፈነዳም፤ ይነዳል። ሲነድ ጋዝ ይሆናል፣ ጋዙ ይታመቃል፣ መታመቁ ደግሞ ንዳዱን ያፈጥነዋል። ባሩድ አደገኛ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ይፈጥናል፣ በፈጠነ ቁጥር ግፊቱ ይበልጥ ይጨምራል። ለክላሽ ጥይት የተቀመጠው የግፊት ጣሪያ 3,550 ባር ነው። የሚኒባስ ጎማ ከ3 እስከ 4 ባር ነውና አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው።

ይህ ግፊት እርሳሱን 41.5 ሳንቲ ሜትር በሚሆነው አፈሙዝ ውስጥ ይገፋዋል። በአፈሙዙ ውስጥ አራት ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ፤ በየ24 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ሙሉ ዙር ያዞሩታል። ከሺህ አንድ ሰከንድ ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ሁሉም ያልቃል። እርሳሱ በሰከንድ 715 ሜትር እየተጓዘ፣ በሰከንድ 3,000 ጊዜ ያህል እየተሽከረከረ ይወጣል። መሽከርከሩን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በዚያች ቅጽበት የተሸከመው ጉልበት 2,000 ጁል ይሆናል፤ ይህም ባሩዱ ውስጥ ከነበረው ጉልበት ሲሶው ገደማ ነው። የቀረው በሙቀት፣ በነበልባልና በድምፅ ይባክናል።

ሁሉም ጠመንጃ እንዲህ አይሮጥም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሥር፣ አሮጌ ላይ፣ የእንግሊዝ ወታደሮች የተኮሱበት ስናይደር የተባለው ጠመንጃ (አማርኛ «ሰናድር» ብሎ ያስቀረው) በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ነበር። እርሳሱ ትልቅና ከባድ፣ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ከ400 ሜትር በታች ነው። ጥቁር ባሩድ ከዚያ ብዙ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬ የተባለ ፈረንሳዊ ጭስ አልባውን ባሩድ ከሠራ በኋላ ነው የጠመንጃ ፍጥነት በእጥፍ የዘለለው። ኤም ዋን ጠመንጃ በሰከንድ 850 ሜትር ገደማ ይተኩሳል።

ዓይን የማያየውን መለካት

715 ሜትር በሰከንድ ስንል ከየት አመጣነው? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ በቁጥር የመለሰው እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1742። የሠራው መሣሪያ ዛሬም ቢሆን ማንም መምህር ሰሌዳ ላይ ሊያስረዳው የሚችል ነው። ከባድ ጉማጅ እንጨት እንደ ዥዋዥዌ ይንጠለጠላል። ጥይቱ እንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። እንጨቱ ተገፍቶ ወደ ላይ ከፍ ይላል። ከፍ ያለበት መጠን ተለክቶ ወደ ኋላ ሲሰላ የጥይቱን ፍጥነት ይሰጣል።

በቁጥር እንየው። እንጨቱ 5 ኪሎ ይሁን፣ ጥይቱ 7.9 ግራም። ጥይቱ በ715 ሜትር በሰከንድ ሲገባበት እንጨቱና ጥይቱ አብረው በሰከንድ 1.13 ሜትር ይንቀሳቀሳሉ። በዚህ ፍጥነት ዥዋዥዌው 6.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። ጣት የሚያህል ከፍታ በማስመሪያ ለክቶ ዓይን የማያየውን ፍጥነት ማወቅ እንዲህ ይቻላል። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብንሳሳት መልሳችን በሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሳሳታል።

ዛሬ የጥይት ፋብሪካዎች፣ የመሣሪያ ምርመራ ላቦራቶሪዎችና የተኩስ ስፖርተኞች የሚጠቀሙበት መሣሪያ ክሮኖግራፍ ይባላል። በብዛት የሚታየው ዓይነት ሁለት የብርሃን ዓይኖች አሉት፤ በመካከላቸው የታወቀ ርቀት አለ፣ 60 ሳንቲ ሜትር እንበል። ጥይቱ ከዓይኖቹ በላይ ሲያልፍ ጥላው የመጀመሪያውን ዓይን ይሸፍናል፣ ሰዓቱ ይጀምራል፤ ሁለተኛውን ሲሸፍን ሰዓቱ ይቆማል። 60 ሳንቲ ሜትሩን ለማለፍ የክላሽ ጥይት 0.84 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ርቀቱን ለጊዜው ማካፈል ብቻ ነው የቀረው።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም የሚሳሳተው ብዙ ነው። ስህተቱ ደግሞ ቁጥር ሆኖ ስለሚወጣ ያሳምናል።

አንደኛው ስህተት ቦታው ነው። መሣሪያው ከአፈሙዙ ጫፍ ከ3 ሜትር ባነሰ ርቀት ከተቀመጠ ከጥይቱ ጋር የሚወጣው ነበልባል፣ ጭስና ያልነደደ የባሩድ ፍርፋሪ ዓይኑን ያሳስተዋል፤ ሰዓቱ ጥይቱ ሳይደርስ ይጀምራል። ክላሽን ለመሰለ ብዙ እሳት ለሚተፋ መሣሪያ 4 ወይም 5 ሜትር ይሻላል። ግን ሲርቅ ደግሞ ጥይቱ እየቀነሰ ነው። የክላሽ ጥይት በመጀመሪያዎቹ 100 ሜትሮች በያንዳንዱ ሜትር 0.9 ሜትር በሰከንድ ገደማ ፍጥነት ያጣል። ስለዚህ በ5 ሜትር ላይ 710 ያነበበ ሰው አፈሙዙ ላይ የነበረው 714 ወይም 715 መሆኑን ጨምሮ ማስላት አለበት። ይህን ሳይጨምር በፋብሪካ ከተጻፈው ጋር የሚያወዳድር ሰው የሌለ ልዩነት ያያል።

ሁለተኛው ዝንባሌ ነው። ክሮኖግራፉ ከጥይቱ መንገድ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። 10 ዲግሪ ካዘመመ ጥይቱ በዓይኖቹ መካከል የሚሄደው መንገድ በ1.5 በመቶ ይረዝማል፤ ንባቡ በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በወሎ መሬት ላይ ሦስት እግር መቆሚያ ሲተከል ሜዳ የመሰለው ሁሉ ተዳፋት ነውና ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። የግንበኛ ውኃ ልክ ይበቃል፤ ተኩሱ አግድም ከሆነ መሣሪያውም አግድም ይሁን። በዓይኖቹ መካከል ያለው ርቀትም እንዲሁ፤ ተጣጣፊው ብረት በደንብ ሳይዘረጋ ቀርቶ 1 ሳንቲ ሜትር ቢጎድል በሰከንድ 12 ሜትር ስህተት ነው።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። የቀትር ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ በቀጥታ ስትገባ የጥይቱን ጥላ አያየውም፤ ለዚህ ነው ከላይ ነጭ ፕላስቲክ ጥላ የሚደረግለት። ማለዳና ማታ ፀሐይ ዘቅዝቃ ስትመጣ ከጥላው ሥር ትገባለች፤ ያን ጊዜ አንዱ ንባብ 690፣ ቀጣዩ 1,100፣ ሦስተኛው ባዶ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚሻለው ደመና የሸፈነው የክረምት ሰማይ ነው፤ ብርሃኑ እኩል የተዘረጋ ነው። ቤት ውስጥ በረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል ሥር መለካትም አይሆንም፤ አምፖሉ በሰከንድ መቶ ጊዜ እየተርገበገበ ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚሸሹ አዳዲስ መሣሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ አፈሙዙ ላይ ታስረው በማግኔት ያነባሉ፤ ነገር ግን ክብደታቸው የአፈሙዙን ንዝረት ስለሚለውጥ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይዛወራል፤ ፍጥነትና ኢላማ ባንድ ላይ አይለኩባቸውም። ሌሎቹ ራዳር ናቸው፤ ጎን ላይ ተቀምጠው ጥይቱን ከኋላው እየተከተሉ ያነባሉ። የትራፊክ ፖሊስ መኪና የሚለካበት ራዳር የሚሠራበት መርህ ነው።

አምስት ጥይት ተተኩሶ 708፣ 719፣ 714፣ 722፣ 712 ተነበበ እንበል። አማካዩ 715 ነው። በትልቁና በትንሹ መካከል 14 አለ። ብዙ ሰው ይህን 14 ይዞ ይሄዳል፤ ሆኖም ብዙ በተተኮሰ ቁጥር ይህ ልዩነት መስፋቱ አይቀርም፤ ስለ ጥይቱ የሚናገረው ጥቂት ነው። የተሻለው መለኪያ እያንዳንዱ ንባብ ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየው ነው፤ በዚህ ምሳሌ 5.6 ይሆናል። በሦስት ጥይት ግን ይህንንም ማመን አይገባም፤ ቢያንስ አሥር፣ ቢቻል ሃያ ያስፈልጋል። ከንባቡ ጎን የአየሩ ሙቀት፣ ከፍታውና በጥይት ሳጥኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ይጻፍ። ባሩድ ሲሞቅ ፈጥኖ ይነዳል፤ ሌሊት ደሴ ብርድ ያደረ ጥይትና ባቲ በር ላይ መኪና ውስጥ ፀሐይ የመታው ጥይት አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡም።

ቀለህ ሰብስቦ ስለ መሙላት

በአንዳንድ አገሮች ፈቃድ ያላቸው ሰዎች የተተኮሰ ቀለህ ሰብስበው መልሰው ይሞላሉ። የናስ ቀለህ፣ ከፋብሪካ የወጣ የባሩድ ሰንጠረዥ፣ 6.5 ሚሊ ግራም የሚለይ ሚዛን ይዘው ነው የሚሠሩት። ክሮኖግራፍ የሚገዙትም ለፉክክር ብቻ አይደለም። ፍጥነት በነጻ አይመጣም፤ ሰንጠረዡ 700 ያለው ጥይት 740 ካነበበ ከየትም አልመጣም፣ ከግፊት ነው። ያን ጊዜ ያቆማሉ። የፍጥነት ንባብ ለነሱ ዓይን የማያየው ግፊት የሚታይበት መስኮት ነው።

እኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ነገር ሁሉ በፈቃድ ነው፤ ጓዳ ውስጥ ጥይት መሙላት ደግሞ ሕጉ ባይኖር እንኳ መደረግ የሌለበት ሥራ ነው። እዚህ የሚገኘው ቀለህ በብዛት ብረት ነው፤ ብረት እንደ ናስ ተለጥጦ አይመለስም፣ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ባሩድ በዓይን አይለይም፤ ፈጥኖ የሚነደው የሽጉጥ ባሩድና ቀስ የሚለው የጠመንጃ ባሩድ ሁለቱም ግራጫ ፍርፋሪ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ከላይ ያልነው የ3,550 ባር ጣሪያ ይጣሳል፤ ጠመንጃው የሚከፈተው ተኳሹ ጉንጩን ባስደገፈበት በኩል ነው።

የተገላቢጦሹም ይገድላል። ባሩዱ አንሶ ወይም እርጥበት ገብቶት ደካማ ሆኖ ከተኮሰ እርሳሱ አፈሙዙ መሐል ተሰክቶ ይቀራል። ምልክቱ እንደ ወትሮው «ጧ» ሳይሆን «ጵስ» የሚል ድምፅ፣ የላላ ምት ነው። ሁለተኛ ጥይት ከተከተለ አፈሙዙ ያብጣል ወይም ይቀደዳል። እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማ ሰው ያቁም፣ አፈሙዙን ወደ ማንም ወደሌለበት አዙሮ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ ጥይቱን አውጥቶ፣ አፈሙዙ ባዶ መሆኑ ሳይረጋገጥ ደግሞ አይተኩስ። የረጠበን ጥይት ምድጃ አጠገብ ወይም ቆርቆሮ ላይ ማድረቅም ያው ነው፤ የውጩ ይደርቃል፣ የውስጡ ግን አልታወቀም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ ካለፈ ወዲህ ማሳ ሲታረስ ወይም ቦይ ሲቆፈር ያልተተኮሰ ጥይት፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ ነገር ይወጣል። ናሱን ለመሸጥ ብሎ በድንጋይ መቀጥቀጥ፣ እሳት ውስጥ መጣል፣ ለልጅ መጫወቻ መስጠት ክልክል ነው። ባለበት ይተው፣ ቦታው በድንጋይ ወይም በእንጨት ምልክት ይደረግበት፣ ለፖሊስ ይነገር።

ሲመለስ

አሁን ወደ ሰማይ እንመለስ። አየር ባይኖር ኖሮ በ715 ሜትር በሰከንድ ቀጥ ብሎ የወጣ ጥይት 26 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ያንኑ 715 ይዞ ይመለስ ነበር። የሰርግ ተኩስ ሁሉ የፊት ለፊት ተኩስ ይሆን ነበር። ከዚህ ያተረፈን አየር ብቻ ነው። ጥይቱ ሲወጣ አየሩ ይገታዋል፤ ሲወርድም ክብደቱና የአየሩ መከላከል እስኪመጣጠኑ ድረስ ብቻ ይፈጥናል።

ይህን በተግባር የሞከረው አሜሪካዊው መኮንን ጁሊያን ሃቸር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ውኃ ላይ መድረክ አሠርቶ መትረየስ ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ አስተኮሰ። ከ500 በላይ ጥይት ተተኩሶ መድረኩ ላይ የወደቀው 4 ብቻ ነው፤ ቀጥ ተብሎ የተተኮሰ እንኳ ነፋስ ወስዶ የት እንደሚጥለው አይታወቅም። የነሱ ጥይት (9.7 ግራም) በስሌት ወደ 2,700 ሜትር ይወጣል፤ ለመውጣት 18 ሰከንድ፣ ለመውረድ 31 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ነው።

90፣ ያው ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ከነበረው 823 ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 40 ጁል ያህል ጉልበት አለው። አንድ ኪሎ መዶሻ ከ4 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ የሚኖረው ጉልበት ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ከትንሽ ጣት ጫፍ በምትጠብ ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው። ቆዳን ለመብሳት በሰከንድ 60 ሜትር ያህል ይበቃል።

የሃቸር ቁጥር ግን የቀለለው ሁኔታ ቁጥር ነው። ያ መሽከርከር እዚህ ይመጣል። በሰከንድ 3,000 ጊዜ የሚሽከረከር ጥይት እንደ እንዝርት ነው፤ አቅጣጫውን አይለቅም። ፍጹም ቀጥ ተብሎ የተተኮሰ ጥይት አናቱ ላይ ሲደርስ ሳይገለበጥ በቂጡ ይወርዳል፤ ደንዳናው ቂጥ አየሩን ስለሚገፋ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ጌሾው መሐል የተገኘችው፣ ቂጧ የጠፈጠፈው፣ እንዲህ ነው የመጣችው። ሰርግ ላይ ግን ማን ነው ቱምቢ ጥሎ የሚተኩስ? ክንድ ይዘማል፤ አፈሙዝ አምሳና ስልሳ ዲግሪ ላይ ነው የሚውለው። እንዲህ ዘምሞ የተተኮሰ ጥይት ቀስ ብሎ ጫፉን ወደ ታች ያዞራል፣ በሹል ጫፉ ይወርዳል፣ ከ90 በእጅጉ ይፈጥናል፤ ወደ ጎንም ርቆ ይሄዳል። የክላሽ ጥይት እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበት አራት እጥፍ መሆኑንም አንርሳ።

ለኛ አገር ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ያ የሚገታው አየር ደጋ ላይ ይሳሳል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው 78 በመቶ ያህል ነው። ሃቸር የለካው በባሕር ጠረፍ ነበር። ያው ጥይት ደሴ ላይ ቢወርድ ፍጥነቱ በ13 በመቶ ይጨምራል፣ 90 የነበረው 102 ይሆናል፤ ጉልበቱ ከሩብ በላይ ያድጋል። ደላንታና ወረኢሉ ያለውም ነገሩ ይኸው ነው። በዚያ ላይ ደሴ ከጦሳ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከተዳፋቱ ላይ የተተኮሰ ጥይት ከተኮሰው ሰው በታች ባለ ሰፈር ላይ ነው የሚያርፈው።

ሌላው የሚያሳስት ነገር ጊዜው ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰው ተኩሱን በ3 ሰከንድ ይሰማዋል። ጥይቷ የምትደርሰው ግን ከግማሽ ደቂቃ በላይ ቆይታ ሊሆን ይችላል፤ ከድምፅ ዘግይታ ስለምትወርድም እንደ ፊት ለፊት ጥይት አትጮህም። ተኩሱ አብቅቶ፣ ዘፈኑ ቀጥሎ፣ ሌላ ሰፈር አንድ ሰው ዝም ብሎ ይወድቃል። ተኳሹ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይቀራል፤ ልማዱ የቀጠለበት አንዱ ምክንያትም ይህ ይመስለናል።

ጉዳቱ በሐኪሞች ተመዝግቧል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1992 ከሰማይ በወደቀ ጥይት የተመቱ 118 ሰዎችን አክሞ 38ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ የተመቱት ጭንቅላታቸውን ነው። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ2004 አዲስ ዓመት ሲገባ 19 ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ጥይት ሳይጎዱ እንዳልቀረ ተመዝግቧል፤ አንዱ ሞቷል።

«እንግዲያው ወደ መሬት ልተኩስ» የሚል አለ። ወሎ ድንጋይ ነው። ጥይት ጥቁር ድንጋይ ላይ በዝቅተኛ ማዕዘን ሲያርፍ ይነጥራል፤ ውኃ ላይም ይነጥራል፤ ሲነጥር ደግሞ ብዙውን ፍጥነቱን ይዞ፣ ወዴት እንደሚሄድ በማይታወቅ አቅጣጫ ነው። መንግሥታዊ የክብር ተኩስ ላይ የሚተኮሰው እርሳስ የሌለው ባዶ ጥይት ነው፤ እሱም ቢሆን በጥቂት ሜትር ውስጥ በሚወጣው ጋዝ ዓይን ያጠፋል። ሰርግን በእልልታ፣ በጭብጨባና በእስክስታ፣ ለቅሶን በሙሾና በፉከራ ማድመቅ ለወሎ ሰው ማንም የሚያስተምረው አይደለም።

ተኩስ ሲሰማ ደጅ ያለ ሰው ኮንክሪት ጣሪያ ሥር ይግባ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ በጫፉ ለሚወርድ ጥይት መከለያ አይሆንም። ዛፍም አያስጥልም። ተኩሱ ካቆመ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆይ፤ የመጨረሻዋ ጥይት ገና አየር ላይ ናት። ልጆች ቀለህ ለመልቀም የሚሮጡት በዚያችው ደቂቃ ነውና ያዙዋቸው።

አንድ ልጅ «ድንጋይ መታኝ» ብሎ ራሱን ይዞ ቢመጣ፣ ደሙ ትንሽ፣ ቁስሉ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ቢሆንም፣ ፀጉሩን ለይታችሁ እዩት። ክብና ጠርዙ የጠቆረ ቀዳዳ ከሆነ ጣት ወይም እንጨት አይግባበት፤ የሚታይ ነገር ቢኖርም አይነቀል። ንጹሕ ጨርቅ ደረብ አድርጋችሁ ሸፍኑት፤ ደሙ የሚፈስ ከሆነ ቁስሉ ራስ ላይ ካልሆነ ጠበቅ፣ ራስ ላይ ከሆነ ደግሞ ቀለል አድርጋችሁ ተጫኑት። ውኃም ምግብም አትስጡት። ደህና ነኝ ቢል፣ ቢስቅና ቢጫወት እንኳ ጥይቷ ውስጥ መቅረት አለመቅረቷን የሚያሳየው ራጅ ብቻ ነው፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።